ብሪቱ የሸሸገችው ሶላር

ሼህ ዓብዱልላጢፍ የብሪቱ ሱቅ በር ላይ ቆመው ያንን ጥያቄ ሲጠይቋት፣ ደጁ ላይ ዐሥር የሚሆን ሰው ነበር። ሁሉም ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የመጣ ነው። ሽማግሌው እንደ ወጉ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። በዚያ አገር ታኅሣሥ ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ እሳት ይለቀቅበታል፤ ለከብቱ አዲስ ቡቃያ እንዲወጣ፣ እባቡም መዥገሩም እንዲጠፋ። ግን ዝም ተብሎ አይለቀቅም። አንድ ቀን አስቀድሞ ሽማግሌ ይዞራል፤ ክምርም ሆነ ቀፎ በሣሩ ውስጥ ያለው ሰው ይናገራል፤ ሰዉም ወጥቶ ዙሪያውን ይመነጥርለታል። ሳይናገር ቀርቶ የተቃጠለበት ማንንም አይከስስም።

ሼህ የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለይ ብሪቱንም “አንተ” ነው የሚሏት። “ነገ ጤዛው ሲነሣ ከወንዙ ወዲህ ያለው ሣር ይለቀቃል” አሉ። “ብሪቱ፣ አንተ እዚያ ንብረት አለህ?”

ነበራት እንጂ! ስምንት ፓኔልና አንድ የውኃ ፓምፕ፣ በዚህ ዓለም አለኝ የምትለው ነገር ሁሉ፣ እዚያው ሣር መሀል ተቀምጧል። ብሪቱ በደጇ የተኮለኮለውን ሰው አየት አደረገችና “የለኝም” አለች።

ሼህ አመስግነው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።

ሰው እንዴት በገዛ ንብረቱ ላይ እንዲህ ይፈርዳል ብሎ ለመውቀስ የሚቸኩል ካለ፣ መጀመሪያ ያ ንብረት እንዴት እንደተገኘ ይስማ። ብሪቱ ከወለጋ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ባምባሲ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር አሶሳ ወርዳ፣ አንድ ስልክ ጠጋኝ አጠገብ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ብየዳ ተማረች። ከዚያ አንድ ፓኔልና አንድ ባትሪ ይዛ፣ ከባምባሲ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወደሚያስኬደው ወደዚህ መንደር መጣች። መንደሩ “ፀሐይ ልትሸጥልን መጣች” ብሎ ሳቀባት። መሳቁን ሳቀ፤ ስልኩን ግን ይዞላት መጣ። ታላቁ ግድብ ያለው በዚሁ ክልል ነው፤ እዚህ መንደር ግን ገና በባትሪ ነው የሚመሸው። ብሪቱ ቀስ በቀስ የሶላር መብራት መሸጥ ጀመረች። አምስት ዓመት እንዲህ ሠርታ ሲያበቃ፣ እናቷ የምትኖርበትን የባምባሲውን ቤት መያዣ አድርጋ በተበደረችው ብር፣ ከወንዙ ውኃ ስቦ የሚያጠጣ ፓምፕ ከነስምንት ፓኔሉ ገዛች። ሶላሩ ከጠፋ ቤቱ ይሄዳል። እናቲቱ ይህን ሙሉውን አታውቅም።

የወንዙን ዳር መሬት የሰጣት ጎሹ ነው። ጎሹ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ከመጡ ሰዎች የተወለደ ሽንኩርት አምራች ነው። ውሉም እሷ ውኃ ልትሰጥ፣ እሱ ምርት ሊያካፍል ነበር። ምክሩንም ያመጣው እሱ ነው። ካቻምና ከአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ሶላር የነቀለው ሌባ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ “ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል” አላት፤ ሰንበሌጡን እንዳትነካው፣ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ከመንገድ ምንም እንደማያሳይ ነገራት። ብሪቱም ተስማማች። መንደሩ ገበያ በወጣበት ቀን ባለሙያ ከአሶሳ አስመጥተው ፓኔሎቹን ሲተክሉ፣ ከብረቱ ዙሪያ ሁለት እርምጃ ብቻ መንጥረው የቀረውን ሣር እንደ አጥር ተዉት። ማንን እንደጠረጠረች ብትጠየቅ ስም አትጠራም ነበር። በደፈናው ሰውን ሁሉ ነበር የጠረጠረችው።

ጎሹ በዚያ ሰሞን ለችግኝ አሶሳ ሄዷል። ብሪቱ ማታውን ሙሉ ብትደውልለት ስልኩ አይሠራም። ስለዚህ ለብቻዋ መከረች። ጠዋት በጊዜ ወርዳ፣ ጤዛው እስኪነሣ ዙሪያውን ዐሥር ዐሥር እርምጃ አጭዳ ልትጨርስ፤ እሳቱ መጥቶ ባዶ መሬት አግኝቶ ሊመለስ፤ ማንም ምንም ሳያውቅ ሊያልፍ። በሐሳብ ደረጃ በጣም ጥሩ ነበር።

ገና ጎህ ሲቀድ ማጭድና ብሎን መፍቻ ይዛ ወረደች። የደረቀ ሰንበሌጥ ለማጭድ አይመችም፤ ያንሸራትታል፣ እጅ ይቆርጣል። ሁለት ሰዓት ሲሆን መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ። በቀሚሷ ጫፍ ጠቅልላ ቀጠለች። ሦስት ሰዓት ላይ ቀና ብላ ብታይ የወንዙን በኩል ጨርሳለች፤ በመንገዱ በኩል ግን ገና አምስት እርምጃ አልሞላም። ያን ጊዜ ነው ሌላው ስሕተቷ የታያት። ያጨደችውን ሁሉ እዚያው የወደቀበት ትታዋለች። የታጨደ ደረቅ ሣር ከቆመው አይሻልም፤ እሳት እንደ ምንጣፍ ነው የሚረማመድበት። የባምባሲ ልጅ ይህን መሳት አልነበረባትም፤ ፍርሃት ግን ሰውን ያወቀውን ያስረሳዋል። ማጭዷን ጥላ ሣሩን በክንዷ እያቀፈች ወደ ወንዙ ትጎትት ጀመር።

ከኮረብታው ወዲያ ጭሱ ሲወጣ አየች። ነፋሱ ከወንዙ ወደ ኮረብታው ነበርና ለትንሽ ጊዜ ልቧ መለስ አለ። ከእሳት የሚሸሸውን ፌንጣ የሚለቅሙት ጭልፊቶች ጭሱ ላይ ይዞራሉ። አራት ሰዓት አካባቢ ላቧ ፊቷ ላይ ሲቀዘቅዝ ተሰማት፤ ነፋሱ ዞሯል። ጭልፊቶቹም ወደሷ መጡ። ከዚያ ድምፁ ተከተለ፤ ሣሩ እየተንጣጣ ኮረብታውን ተሻገረ።

ብሎን መፍቻዋን አነሣች። እያንዳንዱ ፓኔል አራት ብሎን አለው። የመጀመሪያውን ፈትታ፣ በደረቷ ተሸክማ ወንዙ ዳር አሸዋ ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛውን ፈታች። ሦስተኛው ላይ መፍቻው ከቆሰለው መዳፏ አምልጦ ወደቀባት፤ በጭሱ ውስጥ ብትዳብስም አላገኘችውም። ስድስት ፓኔል ብረቱ ላይ ነው፤ እሳቱ ደግሞ አሁን ይታያል።

መጮህ ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ነበር፤ እፍረቱ ነው የያዛት። ብትጮህ ቦታው ይታወቃል፤ ውሸቷም አብሮ ይታወቃል። የእናቷ ቤት ፊቷ ድቅን አለባት፤ ከነመጋረጃው፣ ከነበረንዳው።

“ኡኡ! ድረሱልኝ!”

መጀመሪያ የደረሱት ሼህ ዓብዱልላጢፍ ናቸው። ከኋላቸው እርጥብ ቅጠል የያዙ ስድስት ሰዎች አሉ። ሼህ ፓኔሎቹን አዩ፣ እሷንም አዩ። ኮረብታው ላይ እሳቱን የሚጠብቁት ሁለት ሰዎችም ቦታቸውን ትተው እንዲወርዱ በበርትኛ ተጣሩ። ቀጥለው፣ ብሪቱ አጭዳ ካቆመችበት ጠርዝ ላይ፣ ከፓኔሎቹ አምስት እርምጃ ያህል ርቀው ተንበረከኩና ክብሪት አወጡ።

ብሪቱ የምታየውን አላመነችም። ዘልላ ክንዳቸውን ያዘች።

“ሼህ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሊያቃጥሉብኝ ነው?”

“እሳት እሳትን ይበላል” አሉ ሼህ ዐይኗን እያዩ። “እጄን ልቀቅ።”

ይህን ወግ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከፊት ለፊት እሳት ለኩሶ የሚመጣውን እሳት የሚበላው ማሳጣት፣ አባቷም ሲያደርገው አይታለች። ግን በሰው ክምር ላይ ማየትና በእናት ቤት ላይ ማየት አንድ አይደለም። ደግሞም ትናንት ፊት ለፊት የዋሸቻቸው ሰው ናቸው፤ ቂም ቢይዙባት ማን ይፈርድባቸዋል? ነበልባሉ ከሰንበሌጡ አናት በላይ መጥቷል። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከክንዳቸው ላይ አነሣች።

ሼህ ለኮሱ። አዲሱ እሳት መጀመሪያ ወደ ፓኔሎቹ ዘንበል ሲል ሰዎቹ በቅጠል ቀጠቀጡት፤ ብሪቱም ነጠላዋን ወንዝ ውስጥ ነክራ አብራ ቀጠቀጠች። ከዚያ ትልቁ እሳት ወደ ራሱ ሳበውና ሁለቱ ተገናኙ። ከሙቀቱ የተነሣ ዳር ላይ ያሉት የሁለት ፓኔሎች መስታወት ተራ በተራ ተሰነጠቀ። ሰዎቹ ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ወደ አሸዋው አፈገፈጉ። ትንሽ ቆይቶ የሚበላ ነገር ጠፋና እሳቱ ሞተ።

ጭሱ ሲገለጥ ስድስት ደኅና ፓኔል ተገኘ። ፓምፑም አልተነካም። ብሪቱ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ የደስታም የእፍረትም ነበር።

ሰዎቹ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ከኮረብታው ከወረዱት አንዱ ወደ ሼህ ቀርቦ በበርትኛ ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። እነሱ ጥበቃውን ትተው ሲወርዱ እሳቱ በዚያ በኩል አምልጧል፤ የሼህን አራት ቀፎ ከነንቡ በልቷል። ማሩ ሊቆረጥ ሳምንት ነበር የቀረው። ብሪቱ በርትኛ ብዙ አታውቅም፤ ይህን ግን ሳይተረጎምላት ገባት።

“ኻላስ” አሉ ሼህ፤ አለቀ እንደ ማለት ነው። ወደሷም ዞሩ። “ያ ብንቲ፣ ትናንት የለኝም አልህ። እኛን ፈርተህ ነው?”

ልጄ ነው ያሏት። ለመዋሸት አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ረሳሁት ማለት ይቻላል፣ በጎሹ ማሳበብም ይቻላል።

“አዎ” አለች። “ይሰርቁኛል ብዬ ፈራሁ።”

ሼህ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀላት ነበር። ከልብ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

“ሌባ ቢመጣስ?” አሏት። “ማን ይጮህልህ ነበር? እኛ ሶላር መኖሩን አናውቅ።”

ሼህ ጫማቸውን ከአሸዋው አራግፈው ሰዎቹን አስከትለው ወደ ቀፎዎቹ ቦታ፣ ወደ ኮረብታው ወጡ።

እሷ ተነሥታ ዙሪያዋን አየች። እስከ መንገዱ ድረስ መሬቱ ጠቁሮ ባዶ ሆኗል፤ ስድስቱ ፓኔሎች፣ የተሰነጠቁትም ጭምር፣ ብረቱ ላይ፣ ሁለቱ አሸዋው ላይ፣ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ወለል ብለው ይታያሉ። በመንገዱ ላይም ከባምባሲ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች እያለፉ ነበር፤ አንዳንዶቹ ቆም ብለው ያያሉ። ብሪቱ እርጥብ ነጠላዋን ጨምቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ ፓኔሎቹን ያለ ጠባቂ እዚያው ትታ ሽማግሌውን ተከትላ ኮረብታውን ወጣች።