ባና የለበሰው ግድግዳ

ኮምቦልቻ ያደገ ግንበኛ ወደ ደሴ ለሥራ ሲወጣ ኮት ይዞ ይወጣል እንጂ ትሕትና ይዞ አይወጣም። እኔም ከዚያው ነኝ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከተማችን ውስጥ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ሲገነባ ጡብ ስደረድር ከርሜ፣ ሥራው ሲያልቅ ተሰናብቻለሁ። ቱምቢ ጥዬ ግድግዳ ቀጥ በማድረግ ከማንም አላንስም ባይ ነበርኩ፤ አፌ ደግሞ ከእጄ ይቀድማል። አንድ የማውቃቸው ነጋዴ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የተጎዳ የጡብ ግድግዳ እንዳለ ነግረውኝ ትጠግነዋለህ ወይ ሲሉኝ፣ ግድግዳውን ሳላየው ሁለት ሳምንት ይበቃኛል አልኩ።

ሳየው ልቤ ድንግጥ አለ። የቤቱ እመቤት ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ሲናገሩ የሰው ዓይን ዓይን የሚያዩ እናት ነበሩ። ባላቸው ነጋዴ ነበሩ፤ የባላቸው አባት ከየመን ተሻግረው ደሴ የከተሙ ናቸው። አብዮቱ መጥቶ ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የቀረችላቸው ይህች የሚኖሩባት ቀይ የጡብ ቤት ብቻ ናት፤ ባላቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ከዚያ በኋላ አሸንዳው ተበስቶ የየክረምቱ ውሃ በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሲወርድበት ኖሯል። የጡቦቹ ፊት ተልጧል። በጡብና በጡብ መካከል ያለው ማያያዣ ተቦርቡሮ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ይውጠው ነበር።

እማማ ከመቀነታቸው ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥተው አስነበቡኝ። ከቀበሌው የተጻፈ ነው። ግድግዳው ለአላፊ አግዳሚ አደገኛ ስለሆነ እስከ ጥር መጨረሻ ተጠግኖ ኮሚቴው ካላጸደቀው ቤቱ ይፈርሳል፤ እሳቸውም ሌላ ሰፈር በሚሰጣቸው አንዲት ክፍል ይገባሉ ይላል። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና አጥፈው መለሱት። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም፤ እኔም ያን ጊዜ ሰው ፊት ላይ ብዙ የማነብ ሰው አልነበርኩም።

ሲሚንቶ በፈቃድ የሚገኝበት ዘመን ነው። እሳቸው ወራት ደጅ ጠንተው ያገኙት አንድ ከረጢት ሲሆን ሌላ እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ከኮምቦልቻ ሁለት ጆንያ ኖራ ይዤ ወጥቻለሁ። አዲስ ጡብማ ጭራሽ አይታሰብም። ግን ጡብ ጀርባ አለው። አንዱን በመሮ ዙሪያውን ፈልፍዬ ሳወጣው ወደ ውስጥ ዞሮ የኖረው ፊቱ ከእቶን በወጣበት ቀን እንደነበረው ሆኖ አገኘሁት። አገላብጬ መለስኩት። እንዲህ አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ እየገለበጥኩ፣ በኖራና በአሸዋ ቡኮ ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እያደረግሁ ስመልስ፣ መንገደኛው ቆሞ ያየኝ ጀመር። ደረቴን ነፋሁ።

እኛ ቆላ አዲስ የተሠራ ግድግዳ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ አለበለዚያ ሙቀቱ ማያያዣውን ሳይጠነክር ያደርቀዋል። በተለይ የማታው አይታለፍም። እኔም ወሩ ታኅሣሥ ይሁን፣ አገሩ ደሴ ይሁን፣ ግድግዳው በዚያ ወራት ፀሐይ ጨርሶ የማያየው የሰሜን ግድግዳ ይሁን ግድ ሳይሰጠኝ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በባልዲ ውሃ አርሰው ነበር። እማማ አንድ ቀን ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡና እያዩኝ ቆዩ።

"ልጄ፣ አይበርደውም?" አሉኝ።

ሳቅሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ግድግዳ ውሃ የሚጠጣበትን ምክንያት ለአንድ ሕፃን እንደሚያስረዳ አስተማሪ አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ ቤት ገቡ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ደጅ ስወጣ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ውርጭ ነው። ወደ ግድግዳው ሮጥኩ። ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሚስማር አውጥቼ ማያያዣውን ጫር ባደርገው ግን እንደ በሶ ዱቄት እየቦነነ ጫማዬ ላይ ወረደ። ሌላ ቦታ ጫርኩ፤ ያው ነው። ያጠጣሁት ውሃ ሌሊቱን በረዶ ሆኖ የአራት ቀን ሥራዬን ከውስጥ ፈልቅቆታል። የሲሚንቶው ከረጢት ተጋምሷል። የግድግዳው አንድ ሦስተኛ ደግሞ እኔው ራሴ የከፈትኩት ስለሆነ፣ ቤቱ እኔ ከመምጣቴ በፊት ከነበረበት ይልቅ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ባልዲውን በእርግጫ ብዬ ግቢው መሃል አንከባለልኩት።

ከዚያ ያደረግሁትን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ኮቴን ለብሼ እግሬ አውጪኝ አልኩ። መናኸሪያ ደርሼ የኮምቦልቻ መኪና ውስጥ ገብቼ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። ሴትየዋ ያን ወረቀት አጥፈው ወደ መቀነታቸው ሲመልሱት ታየኝ። እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ ሞቆኝ ስተኛ እሳቸው አፉን በከፈተ ግድግዳ ሥር ሊያድሩ ነው። አፈርኩ፤ እንዲህ ያለ እፍረት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። ረዳቱ እያጉረመረመ በሩን ከፈተልኝና ወረድኩ።

ስመለስ እማማ ግቢው ውስጥ ቆመው ባልዲውን አንሥተው አጥበውታል። የት እንደነበርኩ አልጠየቁኝም፤ እንዳወቁ ግን አውቄያለሁ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ማታ ውሃ ማጠጣቴ እንደገደለው ነገርኳቸው።

"እኔ በዚህ ከተማ ታኅሣሥ ላይ ሁለት ጊዜ ወልጃለሁ" አሉ። "ወላሂ፣ ሲመሽ ውሃ ያፈሰሰብኝ የለም። አልብሰውኝ ነው የሚያሳድሩኝ። አብሽር፣ አራስ እንዴት እንደሚያዝ እኔ አውቃለሁ፤ አንተ ሥራህን ሥራ።"

የዱቄት ያህል የሆነውን ማያያዣ ሁሉ እስከ ደህናው ድረስ ጠርጌ አወጣሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እጄ ተሰነጣጠቀ። ከዚያ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ፤ አሁን ግን በእሳቸው ሕግ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሆን ግድግዳው አይነካም። ቡኮው የሚቦካው ለብ ባለ ውሃ ነው፤ የቀረችው ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ በቁንጥር እየተለካች ትጨመርበታለች። ውሃ የሚጠጣው እኩለ ቀን ላይ፣ ያውም በእፍኝ ርጭት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ይቆማል፤ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳው ይለብሳል። መጀመሪያ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይደገፍበታል፤ በላዩ ላይ የደጋ ሰው የሚለብሰው ወፍራሙ የበግ ጠጉር ባና ይደረባል።

ግድግዳው ረጅም፣ የእማማ ባናዎች ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰና ጎረቤቶች ባና፣ አሮጌ ጋቢ፣ ጆንያ ይዘው መጡ። እንደዚያም ሆኖ ከላይ በኩል ያለውን የሚከድን አልተገኘም፤ ውርጩ ደግሞ የሚወርደው ከላይ ነው። ያኔ እማማ የቅሬውን ድንኳን አስታወሱ። ቅሬ በእኛ በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰባስቦ ሬሳ የሚያነሣበት፣ ለቅሶ የሚቀመጥበት ማኅበር ነው። ድንኳኑ የሞተ ሰው ደጃፍ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ ተተክሎ አያውቅም።

የቅሬው ዳኛ በዚያ ሰሞን ሳል ጥሏቸው አልጋ ላይ ነበሩ። እማማ ይዘውኝ ሄዱና ጉዳዩን አስረዱ። ሽማግሌው ካሳላቸው በኋላ ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ።

"ውሰዱት" አሉ። "ኢንሻአላህ ጥር ሳይጋመስ አልሞትም። ብሞት ግን ያለ ድንኳን አልቀበርም፤ ግድግዳውን ትገፍፉታላችሁ።"

በየማታው ግድግዳው ጆንያውን ተደግፎ፣ ባናውን ደርቦ፣ ድንኳኑን ተከናንቦ ያድር ጀመር። ሰፈሩ መሳቂያ አገኘ። ጠዋት በበሩ የሚያልፍ ሁሉ ደህና አደራችሁ በማለት ፈንታ አራሷ እንዴት አደረች ይለኛል። አንዲት ጎረቤት ገንፎ በሳህን ይዛ መጥታ ለአራሷ ነው ብላ አስቀመጠች፤ እኔ በላሁላት። ከዚህ ቀደም ቢሆን ኖሮ ቀልዱ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን እኔም ደህና አድራለች፣ ትንሽ ብርድ ይዟት ነበር እያልኩ መመለስ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግም። ጠዋት ስነሣ ከግድግዳው በፊት የምጠይቀው የሽማግሌውን ሳል ነበር። ሰላት ላይ ስቆም ለአባት ለእናቴ ከማደርገው ዱዓ ይልቅ ለእሳቸው የማደርገው ረዘመ። አንድ ቀን ደክመዋል ተብሎ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲጎርፉ አይቼ ሥራዬን ጥዬ ተከተልኳቸው፤ በማግስቱ ተሽሏቸው ሾርባ ጠጡ ሲባል አንድ ሙሉ መስመር ጡብ ሳላርፍ መለስኩ። የሰፈሩም ሰው ነገሩ ገብቶታል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከዚያ ቅሬ አንድም ሰው አልሞተም።

ጥር በገባ በጥቂት ቀን የመጨረሻውን ባና ገፈፍኩ። ሚስማሬን አውጥቼ ማያያዣውን ጫርኩት። ሚስማሩ ተንሸራተተ። ጠንክሬ ተጫንኩት፤ ነጭ መስመር ብቻ ትቶ ተንሸራተተ። አጠገቤ ማንም አልነበረምና ግንባሬን ግድግዳው ላይ ደግፌ እንደ ሞኝ ሳቅሁ።

የቀበሌው ኮሚቴ ሦስት ሆኖ መጣ። የሰፈሩ ሰው ባናውን ሊወስድ የመጣ መስሎ ግቢውን ሞልቶታል። የቅሬው ዳኛም ምርኩዝ ይዘው መጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱ፣ በሚስማር ጫሩ፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ባመጡት የብረት ዘንግ በኃይል መቱት። ብረቱ ተመልሶ እጃቸውን ነዘራቸው። ከጡቡ አቧራ እንኳ አልተነሣም። እኔ አፌን መያዝ አቅቶኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር ይድገሙት አልኩ። ደገሙት። ከዚያ ብረቱን ለጓደኛቸው ሰጥተው እስክሪብቶ አወጡ፤ ወረቀቱ ላይ ለመኖሪያ ብቁ ነው ብለው ፈረሙበት። ግቢው እልል አለ። ሽማግሌው፣ አሁን ድንኳኔን መልሱልኝ፣ ልሙት አላልሁም ግን እንዲያው ለመጠንቀቁ ነው አሉና ሰውን ሁሉ አሳቁት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሰዉ ሲበተን ልሰናበታቸው ብዬ ወደ ቤት ዘለቅሁ። ያን ሁሉ ቀን የማድረው ግቢው ውስጥ ባለችው ማድቤት ስለነበር ከበረንዳው አልፌ አላውቅም። ስገባ ቆሜ ቀረሁ። ቤቱ ባዶ ነው። ዕቃው ሁሉ በጥቅል በጥቅል ታስሮ መሃል ወለል ላይ ተከምሯል። ሳህኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ፍራሹ በገመድ ታስሯል፣ ሳጥኑ ተቆልፏል። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች የነበሩበት ቦታ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳቸው። አንተ መናኸሪያ ከሄድክበት ቀን ጀምሮ ነው አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

ከክምሩ ላይ በባና የተጠቀለለ አንድ ከባድ ነገር አንሥተው ፈቱት። በመስታወት የተገጠመ የካዕባ ምስል ነው፤ የባላቸው አባት ይዘውት የመጡት። ሚስማርና መዶሻ ሰጡኝና ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ጠቆሙኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ደረቴን ነፍቼ ይድገሙት ያልኩ ሰው ሚስማሩን ይዤ ወደ ኋላ አልኩ። ሌላኛው ግድግዳ ላይ ቢሆንስ አልኳቸው።

"ለእነሱ ነው የሠራኸው ለእኔ?" አሉኝ። "ምታው።"

መታሁት። ሚስማሩ ገብቶ ቀጥ አለ። ምስሉን ራሳቸው ሰቀሉት፤ ሲያዘነብል አስተካከሉት፤ አልሐምዱሊላህ ብለው ፍራሹ ላይ ቁጭ አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ብርጭቆዎቹ የትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳሉ ረስቻለሁ፣ ፈልግ አሉኝ። ኮቴን አውልቄ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁና አዛን እስኪሰማ ድረስ ሁለታችን ቋጠሮ ስንፈታ ዋልን።