ሳውፋንና በሕይወት ያለው ዓሣ

ቆመ! ሞቱ ቆመ! ዛሬ ጠዋት ኩሬው ላይ አንድም የሞተ ዓሣ ነጭ ሆዱን ገልብጦ አልተንሳፈፈም። ሦስት ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ!

ኩሬው የአጎት ፑን ነው፤ ምሥራቹ ግን የሳውፋን ነው። ጎረቤቴ ሳውፋን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እዚህ በሹንዴ ወረዳ ኩሬ ዳር ለዓሣ ሣር ስታጭድ የኖረች ሴት ናት። ባለፈው ወር ከተማ ሄዳ የዓሣ በሽታ መለየትና ማከም ለአሥር ቀን ተማረች። ማይክሮስኮፕና መቀስ ይዛ ተመለሰች፤ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ። ዓሣ የታመመበትን ሁሉ “በሕይወት ያለ ስጡኝ” ትላለች።

እኛ ሰፈር ለምርመራ የሚሰጠው የሞተ ነው። የሚላወሰውማ ድስት ይገባል።

“ሠለጠነች አሉን፤ የሠለጠነችው መብላት ነው!” አለ አጎት ፑን።

አልዋሽም፣ እኔም ጠርጥሬያታለሁ። ጨው ልዋስ ብዬ ገብቼ የድስቷን ክዳን ከፈትኩ። ዱባ ነው። ቀድማ በልታው ይሆናል ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ የአጎት ፑን ዓሦች ማለቅ ጀመሩ። የዓመት ልፋቱ! “ከላይ ያለው ባለኩሬ፣ ሆይሺንግ ነው የመረዘኝ” አለና ከነጋዴ መድኃኒት ገዝቶ ኩሬው ዳር ከመረ። ሳውፋን ደረሰች።

“አጎቴ፣ ሳይጨምሩት አንድ ዓሣ ይስጡኝ።”

“ያውልሽ፣ የሞቱትን ምረጪ።”

“በሽታው ትል ከሆነ፣ ዓሣው ሲሞት ትሉ ጥሎት ይሄዳል። ያንን አፉን የሚከፍተውን ነው የምፈልገው።”

“በዝንጅብል ነው በሽንኩርት የምትሠሪው?”

ሰጣት፤ ግን ዓይኑን ሳይነቅል አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ቆርጣ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችና “ይዩ” አለችው።

“ይንቀሳቀሳል! ሆይሺንግ ነው የጨመረብኝ?”

“ሆይሺንግ ትል አይፈለፍልም፣ አጎቴ። ይሄ የገዙት የቁስል መድኃኒት ነው፤ ትሉን አይነካውም። ለትሉ ሌላ መድኃኒት አለ።”

“የሌላው ሻጭ ዘመድሽ ነው?”

“አላውቀውም።”

“አምስት ቀን እሰጥሻለሁ። ካልቆመ ያንን መነጽርሽን ሰቅለሽ ወደ ማጭድሽ ትመለሻለሽ። ማንም ኩሬ ዳር እንዳላይሽ!” አለና የተቆረጠውን ዓሣ ሳይቀር ተቀብሏት ሄደ።

ሳውፋን በዚያው ቀን የትሉን መድኃኒት አምጥታ ኩሬው ውስጥ ጨመረች፤ ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው። ቅድም አጎት ፑን አንድ ወፍራም ዓሣ በባልዲ ይዞ ደጇ ቆመ።

“ይሄስ ምን ሆነ?” አለችው።

“ምንም። እራትሽ ነው።”

“መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሳይወጣ አይበላም፣ አጎቴ። እርስዎም እንዳይበሉ። ይመልሱት።”

አጎት ፑን አንዴ ባልዲውን፣ አንዴ እሷን አየ። “እምቢ አልሽ?” አለ ዓይኑን አጥብቦ። “እና እስከ ዛሬ የወሰድሽውን ሁሉ አልበላሽውም?”

“የታመመ ዓሣ ማን ይበላል?”

እኔ በአጥር ሳያቸው ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አሁን ግን ልሩጥ፤ ሆይሺንግ ከመርዝ ሐሜቱ ነጻ መውጣቱን ገና አልሰማም!