ገለባው ሙሽራ

ልብስ ሰፊዋ ቂመኛ ናት፤ እሷም አትደብቀውም። «ረስቼዋለሁ ብዬ ራሴን አላታልልም» ትላለች፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ።

የቀድሞ ባሏ ደላላ ነው። እናቷን ሆስፒታል አስታማ ስትመለስ፣ የኖረችበትን ቤት ሸጦ፣ ቁልፉን አስቀይሮ ጠበቃት። ልጇንና የስፌት መኪናዋን ይዛ ሜዳ ላይ ቀረች። ያኔ በር የከፈተላት የሰፈሩ የተፈጥሮ ማስተማሪያ ማዕከል ነበር፤ በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሩት፣ ልጆች ስለ ወፍና ስለ ዛፍ የሚማሩበት ግቢ። ኃላፊዋ ጡረተኛ አስተማሪ ከችግኝ ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጠቻት። እሷም የልጆቹን ሽርጥ እየሰፋች እዚያው ኖረች።

ታዲያ ጉድ መጣ። የመሬቱ ባለቤት ሽማግሌ ግቢውን ሊሸጡ ተነሡ። ገዢ ያመጣላቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ደላላ! ሽማግሌው ለበጎ ፈቃደኞቹ፣ «እስከ እሁድ ዋጋውን ካሟላችሁ ለእናንተ፣ አለዚያ ለሱ ሰው» አሏቸው። የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቤት ያሳጣት?

እሁድ ግቢው በሰው ተሞላ። ኬክ ተሸጠ፣ ችግኝ ተሸጠ፣ ልጆች ዘመሩ፤ ገንዘቡ ግን አልሞላ አለ። ደላላው ሽንፈታቸውን ሊያይ ገዢውን አስከትሎ መጥቷል። ፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

ይሄኔ ልብስ ሰፊዋ ከዘር መደቡ ላይ የወፍ ማስፈራሪያውን ነቅላ መድረክ ላይ ገተረችው። የለበሰው የደላላውን የሠርግ ሱፍ ነው፤ ራሷ የሰፋችለትን፣ ከስፌት መኪናዋ ጋር ይዛው የወጣችውን! ቦርጩን በገለባ ወጥራዋለች፣ የሱን የመሰለ ቀጭን ሪዝም ሰፍታለታለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ገዢው ሳይቀር ሆዱን ይዞ፣ «ወንድምህ ነው እንዴ?» አለው።

«ጨረታ!» አለች። «ያሸነፈ እንዳሻው ያድርገው!»

የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ እጁን አወጣ። ደላላው ጣሪያው የሚያፈስ ሱቅ ሸጦለት ነበር። «እኔ ሱቄ በር ላይ ነው የማቆመው፤ አላፊ አግዳሚው ይየው!»

ደላላውን ከሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ሰው ፊት ከሚሳቅበት የለበሰውን ሱሪ ቢሸጥ ይመርጣል። እውነትም ብድግ ብሎ ጨመረ። ሥጋ ሻጩም ጨመረ። «ኧረ በለው!» ይላል ሕዝቡ። የደላላው የአንገት ሥር ተገታተረ፤ ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ እንኳ ረስቶ ነበር። በመጨረሻ ሥጋ ሻጩ ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። ደላላው የጠራውን ዋጋ እዚያው በስልኩ አስተላለፈ።

አስተማሪዋ ደመረች፣ ደግማ ደመረች፣ ከዚያ ጮኸች። «ሞላ! ኧረ ሰዎች፣ ሞላ!»

ደላላው የባነነው ያኔ ነው። ገዢው ተነሥቶ ወጣ። ደላላውም ገለባውን ሙሽራ ታቅፎ፣ ልጆች በጭብጨባ እየሸኙት፣ ኩም ብሎ ሄደ። የልብስ ሰፊዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እሰይ! የእጁን ነው ያገኘው።

አስተማሪዋ አቅፋት፣ «በቃ እህቴ፣ አሁንስ ይቅር በይው» አለቻት።

«ምን ሲደረግ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዛሬ የከፈለው የልጆቹንና የወፎቹን ነው። የኔን ቤት ገና መች ጠየቅኩት?»