መጥረጊያ የማትይዘው ልጅ

እናቴ ጌጃ ሰፈር ውስጥ በአንድ ነገር ትታማ ነበር፤ ልጇን መጥረጊያ አታስይዝም። እሷ ራሷ ከልደታ ፍርድ ቤቶች ጀርባ ባለ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሰማያዊ ጋዋኗን ለብሳ አራት ፎቅ ስትወለውል ውላ ትመጣና የቤታችንንም ወለል ራሷ ትጠርጋለች። እኔ ደብተሬ ላይ እንዳቀረቀርኩ እግሬን ከፍ አደርግላታለሁ። ጎረቤቶች «ሙያ ቢስ አደረግሻት፤ ነገ ባል ቤት ምን ልትሆን ነው?» ሲሏት «በእኔ ይብቃ» ትላለች። ከዚህ የረዘመ ማብራሪያ ሰጥታ አታውቅም።

ዲግሪዬን ይዤ አንድ አነስተኛ የግል አየር መንገድ በሆስተስነት ሲቀጥረኝ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍ የሚሸጡት ሴቶች እንኳ የትኛው ቀን ወዴት እንደምበር ያውቁ ነበር። እኔ ራሴ ስረሳው እነሱን መጠየቅ እችል ነበር።

አየር መንገዱ የሚታወቀው በርካሽ ትኬቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ በስልጠናው የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳ ላይ አውሮፕላን ሥሎ «ይሄ ነገር ሲበር ያበላናል፤ ሲቆም ይበላናል» አለን። ስለዚህ አርፎ እንደገና እስኪነሳ የሚፈቀድለት ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ምግብ አይቀርብም፣ ውሃም ይሸጣል። በመጨረሻ የድርጅቱን ባህል ነገረን፦ እዚህ ከመጥረጊያ በላይ የሆነ ሰው የለም። መንገደኛው ወርዶ እንዳለቀ ሁላችንም ጓንት እናጠልቃለን፤ ካፒቴኑም ጭምር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ያውም ከልቤ።

ችግሩ መጥረግ አለመቻሌ ነበር። በሃያ አራት ዓመቴ የመጥረጊያ አያያዝ ያስተማረኝ ካፒቴን ነው። «ከኋላ ጀምሪ፤ የጠረግሽውን መልሰሽ አትርገጪ» አለኝ። እጁ ፈጣን ነበር፤ በወንበሮቹ መሃል ያለችውን ፍርፋሪ ሳይቀር ያወጣታል። የት እንደለመደ ስጠይቀው «ስድስት ወንዶች ነን፤ እህት አልነበረንም» አለ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። የላስቲክ ጓንቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከመዋቢያዬ ሥር እደብቃለሁ። ቤት ስገባ አሁንም እሷ ትጠርጋለች፣ እኔም እግሬን ከፍ አደርጋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ለጡረታዋ ሦስት ዓመት ሲቀራት መሥሪያ ቤቷ ጽዳቱን ለኮንትራት ድርጅት ሰጠ። ድርጅቱ የራሱን ወጣቶች ይዞ መጣ፤ እናቴ ጋዋኗን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ መለሰች። አልቅሳ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ባለሁበት አላለቀሰችም።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ ለአለቃሽ ንገሪልኝ» አለች። «አውሮፕላንም ሰው ይቀመጥበታል፤ ሰው የተቀመጠበት ሁሉ ይቆሽሻል።»

«እሺ እማ» አልኳት። እሺ ማለት አልነበረብኝም።

ለማንኛውም ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩት። ፊቱ በራ። የጽዳት የሚባል የሥራ መደብ እንደሌለን፣ ትኬታችን የረከሰውም አንዱ በዚህ እንደሆነ አስረዳኝ። ከዚያ «እዚህ ሁላችንም ቤተሰብ ነን። እናትሽን ሰላም በይልኝ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚናገረውን የሚያምን ሰው ነው። የዚያን ዕለት ስንጠርግ ሳስበው ዋልኩ፤ አውሮፕላኑ በቀን ስድስት ጊዜ ይጠረጋል። ለሁለት ሴቶች የሚበቃ ሥራ ነው።

ለእናቴ ግን «ነገ እጠይቀዋለሁ» እያልኩ ሁለት ሳምንት አጓተትኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ አዲስ ጫማ አልጋው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ሶሉ ለስላሳ ነው። የአውሮፕላን ወለል እንዳይቧጨር ብላ፣ ባለ ሱቁን አስቸግራ የመረጠችው ነው። ከዚያ በኋላ መዋሸት አቃተኝ።

«እማ፣ ሥራው የለም።»

«አይጠረግም?»

«ይጠረጋል።»

«ታዲያ ማን ይጠርገዋል?»

ጓንቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከጫማው አጠገብ አስቀመጥኩት። አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«ከየት ትጀምሪያለሽ?» አለችኝ።

«ከኋላ።»

«የጠረግሽውንስ ትረግጪዋለሽ?»

«አልረግጥም።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ካፒቴኑ። እሱም ይጠርጋል፤ ሁላችንም እንጠርጋለን። የድርጅቱ ባህል ነው።» ድምፄ የሥራ አስኪያጁን ድምፅ መሰለኝ።

እናቴ ጓንቱን መልሳ አስቀመጠች። «እሱስ ደግ ነው» አለች። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስጠርግ ግን ባህል ያለኝ የለም።»

አፈርኩ። በመጥረጌ አይደለም። ያሳፈረኝ ከእሷ እጅ የወጣውን ሥራ በፈገግታ፣ እያጨበጨብኩ መቀበሌ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለበረራ ስዘጋጅ አንዲት ጎረቤታችን ስኳር ልትበደር ገባች። ልጇን መጥረጊያ አታስይዝም ብለው እናቴን ከሚያሟት ሴቶች ግንባር ቀደሟ ናት። እናቴ ጫማውን ወደ ካርቶኑ እየመለሰች ነበር።

«ልጅሽ ዘንድ ያልሽው ሥራ ምን ደረሰ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«ተይዟል አሉ።»

«ማን ቀደመሽ ደግሞ?»

«ዲግሪ ያላቸው ናቸው የያዙት።»

ጎረቤቷ ከንፈሯን መጠጠች፤ ስኳሯን ተቀብላ ወጣች። እናቴ ወደ እኔ አላየችም፤ ካርቶኑን አልጋው ሥር ገፋ አድርጋ መጥረጊያዋን አነሳች። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ «ይረፍድብሻል» አለችኝ።

ማታ አልጋው ላይ የተውኩትን ጓንት ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘሁት አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው። ከመዋቢያዬ ሥር ሳይሆን ከላይ፣ በቀላሉ ከሚወጣበት ቦታ ተቀምጦ ነበር። ታጥቦ ደርቋል፤ ውስጡም እጅ እንዳያልበው ፓውደር ተነስንሶበታል። ይህን ዘዴ ካፒቴኑ አያውቀውም ነበር።