የጋሽ ሙላት የሥዕል ማቆሚያ

ዛሬ ጋሽ ሙላት በግራ እጃቸው ሣሉ።

ወልድያ ውስጥ ሥዕል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ተጣጣፊውን የሥዕል ማቆሚያ በአንድ እጅ ማጥበቅ ቢያቅታቸው ሥዕሉን እርግፍ አድርገው ተዉት።

ጠዋት ማቆሚያውን መርሳ ለሚሠራ የባጃጅ መካኒክ ወሰድኩለት። ትንንሾቹን ዳዶዎች አውጥቶ በመዳፍ የሚዞሩ ትልልቅ ገጠመለት። ለቀለም ማስቀመጫውም የባጃጅ መስታወት መያዣ አሰረበት። (ባጃጁስ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።)

ከሰዓት ቤታቸው አደረስኩት። ራሳቸው አጠበቁት፤ የግራናን ተራራ መሣል ጀመሩ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ።

«ጠማማ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽዬ።» ዋሽቻቸው አላውቅም።

«ይሁን። የኔው ነው» አሉና ቀጠሉ። እኔ ወደ በረንዳው ወጥቼ አለቀስኩ።

እናንተስ ለምትወዱት ሰው ብላችሁ ያስተካከላችሁት ዕቃ አለ? እስኪ አጫውቱኝ።