ሦስቱን ጠርሙስ የቀመስኩበት ቅዳሜ

አበራ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት ዓይኔ በሻሽ ታስሮ ሳለ በጠርሙስ መትቶ የግራ ዓይኔን አጠፋው። ይህ የሆነው በ2000 ዓ.ም. ጭሮ ውስጥ ነው። መንገድ ስሻገር ከግራ የሚመጣው ባጃጅ አይታየኝም። ስለዚህ ልርሳው ብል እንኳ አያስረሳኝም።

ሥራዬ ባዶ ጠርሙስ መሰብሰብ ነበር። ከየመጠጥ ቤቱ እገዛለሁ፣ አጥባለሁ፣ መልሼ እሸጣለሁ። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ጠርሙሱ ቂጥ ላይ የቀረችውን ጠብታ ይቀምሳል። እኔም እቀምስ ነበር፣ አላፍርበትም። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። መጠጡን የምለየው ላዩ ላይ ባለው ሥዕልና በምላሴ ነበር።

በዚያ ዓመት በሚኤሶ በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባ አዲስ ውስኪ መጣ። ጠርሙሶቹ ላይ የታዋቂ ፈረንጆች ፎቶ አለ። አንዱ ላይ ቦክሰኛ፣ አንዱ ላይ ዘፋኝ፣ አንዱ ላይ የፊልም አክተር። ራሳቸው ናቸው የሚያሠሩት ተባለ። ጫት ሲቅሙ ውለው ምርቃናቸውን በመጠጥ የሚሰብሩ ነጋዴዎች ተሻሙበት። የኔ ዘፋኝ ይበልጣል፣ የኔ ቦክሰኛ ይበልጣል እያሉ እስከ መሰዳደብ ደረሱ።

እውነተኞቹን አውቃቸዋለሁ። የቦክሰኛው ጭስ ጭስ ይላል። የዘፋኙ ማር የገባበት ይመስላል፣ ሳይታወቅ ነው የሚወርደው። የአክተሩ ጉሮሮ ላይ እንደ ሚጥሚጣ ይይዛል። ለኔ የቦክሰኛው ይሻላል። ባዶዎቹን አበራ መልሶ ከኔ ገዛ። ለመደርደሪያ ጌጥ ነው አለኝ። እኔም አምኜ፣ ፎቶው እንዳይላጥ ተጠንቅቄ አጥቤ አስረከብኩት። ጅል ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠርሙስ ልወስድ አበራ መጠጥ ቤት ገባሁ። ደረጀ የሚባል ጫት ነጋዴ ከጓደኞቹ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው። ሲያየኝ ጮኸ።

"ቆራሌው! ና ዳኘን! ይሄ ሰውዬ ማንበብ አይችልም፣ ስም አያታልለውም።"

"ሥዕሉንስ ያይ የለ?" አለ አንዱ።

"ዓይኑን እሰሩዋ!"

አስተናጋጇ መሰረት ሻሿን ፈትታ ዓይኔን አሰረችኝ። አበራ ጓዳ ነበር፣ አልሰማም። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። እንደ ሰው ቆጥረው ሲጠይቁኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንደኛውን ቀመስኩ። ሁለተኛውን ቀመስኩ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ተጎነጨሁ።

"ምላስህን ዋጥከው እንዴ? የማን ይበልጣል?" አለ ደረጀ።

"ሦስቱም አንድ ነው። ካቲካላ ነው። የተቃጠለ ስኳር ገብቶበታል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ድርግም አለ። ደረጀ "አበራ! ና እስቲ ወዲህ!" ሲል ሰማሁ። የእግር ኮቴ መጣ። "የሰው ትራፊ ለቃሚ!" የሚል የአበራ ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ጠርሙሱ ፊቴ ላይ ፈነዳ።

እጁን አላየሁም። ከወንበሩ ወደቅኩ። ሻሹ ገና ዓይኔ ላይ ነው፣ በደም ርሶ ተጣብቋል። ሆዴን ረገጠኝ፣ አፌን ረገጠኝ። ሁለት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ቀሩ። ከዚያ ሁሉ ጠጪ አንድም ሰው እጁን አልያዘውም።

በሦስተኛው ቀን አበራ ሁለት ሰው አስከትሎ ሆስፒታል መጣ። የእርቅ ወረቀት ነው፣ ሕክምናህን እችላለሁ አለኝ። አገጬ ታስሯል፣ መናገር አልችልም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ። አንዱን ቅጂ ለኔ ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ሰክሮ ወደቀ አለኝ። የሰው ስም ያጠፋል ተብሎ ጠርሙስ የሚሸጥልኝ ጠፋ። መቻራ ሄጄ የቡና ጆንያ ተሸከምኩ። እዚያ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ፊደሉን የፈጀሁት በስንት መከራ ነው። ማንበብ ስችል ያን ወረቀት አወጣሁ።

"ሰክሬ ከደረጃ ወድቄ ዓይኔ ጠፍቷል። አቶ አበራ አንስቶ ስላሳከመኝ አመሰግናለሁ" ይላል።

አመሰግናለሁ የምትለዋን ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

በማግስቱ ፌሮ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጭሮ ገባሁ። አበራ በእኩለ ቀን በሩ ላይ ቆሟል። ስሙን ጠራሁት፣ ዞረ። እኔ እንኳ ፊቱን አዙሬ ነው የመታሁት። የቀኝ ክንዱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማኝ። ሲወድቅ ጉልበቱን ደገምኩት። ሰዎች ባይዙኝ ገድዬው ነበር። ልፎክር አይደለም፣ የሆነው እሱ ነው።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎች ገቡ። ዋናው ኦቦ ኡመር የሚባሉ የመሰላ ሰው ናቸው። አበራ ክንዱ በጀሶ ታስሮ "ራሱ ፈርሟል፣ ሰክሮ ነው የወደቀው" አለ።

ያኔ መሰረት ተነሳች። መጠጥ ቤቱን ትታ፣ ጌታን ተቀብላ፣ ገበያ ላይ ቲማቲም ትሸጥ ነበር።

"እኔ ነኝ የሞላኋቸው። ሦስቱንም ከአንድ ጄሪካን ነው የቀዳሁት። እሱ እውነቱን ነው የተናገረው። ሲመታውም አይቻለሁ።"

"ዝም በይ አንቺ!" አለ አበራ።

ኦቦ ኡመር ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "ወላሂ፣ አሁን ከዋሸህ ሁለተኛው ክንድህ ሲሰበርም አልመጣልህም!"

አበራ አቀረቀረ። ውስኪው ውሸት እንደነበረ፣ እኔን የመታኝም ራሱ እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት አመነ። ዓይኔ በክንዱ ይጣጣ፣ ከዚህ ወዲያ ማንም ማንንም አይነካ ተባለ። ጸሐፊው ጻፈ። ፈርም ሲሉኝ አልፈረምኩም፣ ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ።

"ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ጋ በስህተት መታው ይላል። በስህተት አይደለም።"

"ሰርዘው" አሉ ጸሐፊውን። ተሰረዘ። እኔም ስሜን ጻፍኩ።

አሁን አበራ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል። እመልሳለሁ፣ ግን ከአፌ ብቻ ነው። ለክንዱ አላዝንም። መሰረትንም አላመሰገንኳት፣ ስድስት ዓመት አፏን ይዛ ነበርና። የሚጠጣ ሰው፣ “ካቲካላ ነው” ብዬ እውነት መናገሬን ይወቅልኝ፣ ሌላ የምፈልገው የለም። ጉዳዩ ያለቀው መጋቢት 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው።