ሁለት ፊደል በቦንጋ ሰማይ

ሰሞኑን ልጄ ስልኳን አጥሩ ላይ አስደግፋ ኮከብ ታነሳ ነበር። «አባባ፣ ባትሪውን ይዘህ ስልኩ ፊት ቁምና አየር ላይ አንድ ነገር ጻፍ፤ ብርሃኑ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል» አለችኝ። አዲስ ነገር የነገረችኝ መስሏታል። እኔ ይህን የሠራሁት እሷ ሳትወለድ፣ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንደሆነው ነው። የጻፍኩትን አልረሳሁም፤ የጻፍኩበትንም ሰው ይቅር አላልኩም።

ያኔ ቦንጋ ውስጥ ጋሽ ታፈሰ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፤ እኔ ዕቃ ተሸካሚው ነበርኩ። ለሠርግ ሲጠሩት ጭቃውን እየረገጥን እስከ ዋጫ እንዘልቃለን። አንድ ቀን በእኛ መንደር ስናልፍ እናቴ ኮረሪማ ስታሰጣ አያትና ላንሳት አለ። እናቴ ከካፊኖኖ ሌላ ቋንቋ አታውቅም፤ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። «አንዱን ለራሷ እሰጣታለሁ በላት» አለኝ። አልኳት። ሻሿን አስተካክላ ቆመች። ከዚያም ቆጮ በጎመን አቀረበችለት፤ ማርም አስከትላ ሸኘችው።

ፎቶው አልመጣም። ስጠይቀው ፊልሙ ተቃጥሏል አለ። እናቴ ግን የምትጠይቀው እኔን ነበር፤ ቃሉ የደረሳት በእኔ አፍ ነዋ። በዚያው ክረምት ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ፎቶ ቤቱ ስገባ፣ እናቴ ከነኮረሪማዋ ለእንግዳ የሚሸጥ ፖስት ካርድ ሆና መስኮቱ ላይ ተደርድራለች። አንዱን ይስጡኝ አልኩት። ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ።

«አንብበው» አለ፣ እንደማልችል እያወቀ። «የፎቶ ቤቱ ንብረት ይላል። በአውራ ጣትህ የምትፈርም ሰውዬ፣ ስለ ንብረት ምን አውቀህ ነው የምትከራከረኝ?»

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ዕቃውን ግን መሸከም አልተውኩም። ሞኝ ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ጠላት የሚታወቀው ከአጠገቡ ሲሆኑ ነው እላለሁ። ከሥራ ስወጣ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ጢም ካበቀሉ በኋላ ሀ ሁ ማለት ያሳፍራል፤ ቢሆንም ቂም ጥሩ አስጠኚ ነው።

ጥር ገባ። ቦንጋ ጉሟን አውልቃ ሰማይዋን የምታሳየው ያኔ ነው። ጋሽ ታፈሰ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ እየወጣ ኮከብ ማንሳት ጀመረ። ካሜራውን በሦስት እግሩ ያቆምና ዓይኑን ከፍቶ ይተወዋል፤ ኮከቦቹ ሲጓዙ እንደ ዝናብ ክር ተሰምረው ይወጣሉ። «ካሜራው ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አይታየውም፤ የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው» እያለ ይጎርርብኝ ነበር። ያስተማረኝ ራሱ ነው።

አንድ ሌሊት ካሜራውን ከፍቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ አሸለበ። ባትሪዬን ይዤ ካሜራው ፊት ቆምኩና ክንዴን ዘርግቼ ሁለት ፊደል ጻፍኩ፦ ሌባ። ከደብተር ውጪ የጻፍኩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ግን የጻፍኩትን እኔው ራሴ ማንበብ አቃተኝ። ጋሽ ታፈሰም ግራ ገባው። አንዱ ደንበኛ ይሄ «ቦ» ነው አለ። ሌላው ቀጥሎ ያለው የተንጋደደ «ን» ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁሉ፣ ሰማይ «ቦንጋ» ብሎ ሊጽፍ ጀምሮ አቋረጠው ይል ጀመር። ጋሽ ታፈሰ ፎቶውን አሳደገ፤ ከሥሩ ስሙን ጻፈ፤ አንዱንም ፀጉር ቤት ወስዶ ከመስታወቱ ትይዩ አሰቀለ። እኔ ሰደብኩት፣ እሱ ተሾመበት።

ፀጉሬን ልቆረጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቀና ስል፣ መስታወቱ ውስጥ ከአናቴ በላይ ቃሌ ቀጥ ብሎ ቆሟል፦ ሌባ። ካሜራው ከፊቴ ሆኖ ስላየኝ የገለበጠውን መስታወቱ አቃናው። ማንም አላስተዋለም፤ ተራ ጠባቂው ፎቶውን ያያል፣ ወንበሩ ላይ ያለው የራሱን ፊት ያያል። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

በገበያ ቀን ጋሽ ታፈሰ ሊላጭ ሲገባ ተከትዬው ገባሁ። አግዳሚው ሞልቷል። ጉንጩ የሳሙና አረፋ እስኪሆን፣ ምላጩ አንገቱ ሥር እስኪደርስ ጠበቅሁ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ያርሙኛል» አልኩት። «መስታወቱ ውስጥ ከራስዎ በላይ ያለው ምን ይላል?»

ቀና አለ። አየው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አነበበው።

«ሌባ ይላል እኮ፣ ጋሼ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በአውራ ጣቱ የሚፈርመው ሰውዬ» አልኩ። «ከሥሩ የፈረሙበት ግን እርስዎ ነዎት። አሁን የእናቴን ፊት ይመልሱልኝ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት አንድ በአንድ ወደ መስታወቱ ዞሩ። ሳቁ ገበያው ድረስ ተሰማ። ጋሽ ታፈሰ ግማሽ ጉንጩን ሳይላጭ ወጣ። ሲመሽ ካርዶቹንና ፊልሙን በሰው ላከልኝ። የከተማው ልጆች «ጋሽ ቦ» አሉት። ቢቸግረው ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ሺሺንዳ ገባ፤ ቅጽል ስሙ ግን በአውቶቡስ ቀድሞት ደርሶ ነበር።

ፎቶው ተመልሶልሃል፣ ሰውየውም አርጅቷል፣ ተወው ይሉኛል። እናቴ ከነሻሿ ግድግዳዬ ላይ አለች፣ እውነት ነው። ራሷን ግን ሳታይ ነው የሞተችው። እሱን ማን ይመልስልኛል?

ልጄ «በቃ፣ ሰላም ብለህ ጻፍ» አለችኝ። ባትሪውን አበራሁ። አሁን ፊደሉን ከወዲያ በኩል ገልብጬ መጻፍ አውቄበታለሁ። ሁለቱን ፊደሌን ጽፌ ስጨርስ ስልኳን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

መስታወት አላስፈለጋትም።